ከ«ኃይለኛ ውሻ አለ» እስከ «ካሜራ አለ»

ዱብሉቅ ያደርንበት ቤት በር ላይ ሦስት ማስታወቂያዎች ነበሩ። አንደኛው ጫማ ጠርጋችሁ ግቡ ይላል። ሁለተኛው የአልጋ ሒሳብ በቅድሚያ ይከፈላል ይላል። ሦስተኛው፣ በቀይ ቀለም፣ ከሁለቱም ገዝፎ፣ «በካሜራ ቁጥጥር ሥር ነዎት» ይላል። መቼስ አዲስ አበባ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያይ ወደ ጣሪያው ቀና ማለቱ አይቀርም፤ እኛም ቀና አልን። ካሜራዋ አለች። ጥግ ላይ ተሰቅላ ቁልቁል ታየናለች። ገመዷን በዓይናችን ተከትለን ስንሄድ ግን አንድ ክንድ ያህል ወርዶ አየር ላይ ቀረ። ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«ጋሼ፣ ካሜራዋ አትሠራም እንዴ?» ብለን ባለቤቱን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ሌባ የሚፈራው ጽሑፉን ነው እንጂ ካሜራውን መች ያውቀዋል!» አሉና ሳቁ። እኛም ሳቅን። ክፍላችን ገብተን መብራቱን ካጠፋን በኋላ ግን ሳቁ ወደ ክርክር ተለወጠና እንቅልፍ ነሳን። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የሚጻፈው ለማን ነው? ለሌባው ነው ወይስ ለእኛ?

ሰውዬው ሳያውቁት የማስታወቂያውን የአገራችን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ የተመላለሰ ሰው የአጥር በሮችን ጽሑፍ በቃሉ ያውቃል። «ኃይለኛ ውሻ አለ»። አንዳንዱ የውሻ ጭንቅላት ሥሎበታል፤ አንዳንዱ ቃሉን ጭምር አጣሞ ጽፎታል። ከበሩ ጀርባ ያለው ውሻ ብዙ ጊዜ ያረጀ፣ እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን የሚቆላ ነው። አንዳንዴም ውሻ የሚባል ነገር በግቢው የለም። ሮማውያንም ያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በተቀበረችው ፖምፔ ከተማ የአንድ ቤት መግቢያ ወለል ላይ በድንጋይ ሞዛይክ የተሠራ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ አለ፤ ከሥሩ «ከውሻው ተጠንቀቅ» ተብሏል። በእኛ ከተሞች የካሜራ ማስታወቂያ የውሻ ማስታወቂያ ልጅ ነው። አጻጻፉ ያው፣ ቀይ ቀለሙ ያው፣ ማስፈራራቱም ያው።

ሕግ ባወጡት አገሮች ግን ይህች ማስታወቂያ የተወለደችው ከሌላ እናት ነው። እዚያ የምትጻፈው ለሌባው አይደለም። ምንም ላላጠፋው፣ ዳቦ ሊገዛ ለገባው፣ አልጋ ሊይዝ ለመጣው ሰው ነው። እያየንህ ነው፤ የምናይህ እኛ እገሌ ነን፤ የምናይህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅር ካለህ እዚህ አቤት በል ትለዋለች። ማስፈራሪያ ሳትሆን ዕዳ ናት፤ የሚያይ ሰው ለሚታየው ሰው የሚከፍላት።

ታዲያ ይህንን ለማውራት ከዱብሉቅ የተሻለ ቦታ የለም። ለምን ቢባል፣ ዱብሉቅ ሰው በሰው የሚታይበትን ሥርዓት ካሜራ ከመፈጠሩ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ዘርግታ ጨርሳለች።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው የሞያሌ መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በከብት ገበያዋና በኤላዋ። ኤላ ማለት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። ቦረናዎች «ቱላ ሰልጋን» ከሚሏቸው ዘጠኝ የጥንት የኤላ ሥፍራዎች አንዷ ዱብሉቅ ናት። ከብቱ በተቆፈረ ረጅም ቁልቁለት እየወረደ ገንዳው ዘንድ ይደርሳል። ሰዎች ደግሞ ከገንዳው በታች፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ወለሉ፣ አንዱ ከአንዱ ራስ በላይ ቆመው ውኃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ሲቀባበሉ ይዘፍናሉ። የውጭ አገር ጎብኚዎች «የሚዘፍኑት ጉድጓዶች» የሚሏቸው ለዚህ ነው።

ጎብኚው የሚያየው ዘፈኑን ነው። እኛን የገረመን ግን ተራው ነው። በበጋ የእያንዳንዱ መንጋ ቀን የታወቀ ነው፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣም የተቆረጠ ነው። ይህንን ተራ የሚመራው ሰው «አባ ሄሬጋ» ይባላል። ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ዘር ደግሞ የራሱ ድርሻና ማዕረግ አለው። ተራ የሰረቀ፣ አጥር ያፈረሰ፣ ውኃ ያቆሸሸ ሰው በኤላው ሸንጎ ይጠየቃል፤ ይቀጣልም። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ጉድጓድ ዙሪያ የማይታይ ሰው የለም። የከብትህ ቁጥር ይታያል፣ የከብትህ ክሳት ይታያል፣ የመጣህበት ሰዓት ይታያል። የግል ሕይወት የሚባለው ነገር እዚያ ቁልቁለት ላይ ብዙም ቦታ የለውም።

ግን አንድ ነገር አለ። የሚያይህን ሰው ታውቀዋለህ። አባ ሄሬጋው ስም አለው፣ ጎሳ አለው፣ ፊት አለው። ተሳስቶብኛል ካልክ በሸንጎ ፊት ትከራከረዋለህ። እሱም ዛሬ ያይሃል እንጂ ያየውን ቀርጾ አዲስ አበባ አይልክም። ነገሩን አሳምረን የጥንቱን ኑሮ ገነት ልናደርገው አይደለም፤ ሁሉም ሁሉን የሚያይበት መንደር ለተቃወመ ሰው፣ በተለይም ለሴት ልጅ፣ ምን ያህል ሊጠብ እንደሚችል እኛም ከየመጣንበት ሰፈር እናውቀዋለን። ብቻ ልዩነቱን ለመያዝ ያህል ነው።

የማይታወቅ ተመልካች ለአገራችን አዲስ አይደለም። አማርኛ ራሱ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ድንቅ ቃል አዘጋጅቶለታል። ግድግዳም ጆሮ አለው የሚለው ተረት እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ምክር ሲነገር ነው ያደግነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቤቶች ሲወረሱ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ሐሳቡ የሰፈር ሰው የሰፈሩን ጉዳይ እንዲያስተዳድር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ያው ቀበሌ የቤት ለቤት አሰሳ መሣሪያ ሆነ። ማን ከማን ጋር እንደሚያመሽ፣ የማን ቤት መብራት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበራ የሚያውቅ ጎረቤት የሰው ሕይወት በእጁ ገባ። በኢሕአዴግ ዘመን «አንድ ለአምስት» መጣ። ቀጥሎ ደግሞ ጎረቤት ጭራሽ አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ2013 የካናዳው ሲቲዝን ላብ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት ላይ እንደዋለ አጋለጠ፤ ማጥመጃ የተደረገው የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶ ነበር። ፎቶውን ለማየት የከፈተ ሰው እሱ ራሱ ይታያል።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ላይ አንባቢ የሚደነቅ ይመስለናል፤ እኛም ተደንቀናል።

ብዙዎቻችን የግል ሕይወት ጥበቃ ትናንት ከአውሮፓ የመጣ ወግ ይመስለናል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በ1952 ዓ.ም. ነው የታወጀው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም ይላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎቹን ይዘረዝራል፤ የታወቀ ሰው ከሆነ፣ የመንግሥት ሥልጣን ያለው ከሆነ፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ከፈለገው፣ ወይም በአደባባይ የሆነ የሕዝብ ጉዳይ ከሆነ ፈቃድ አያሻም። ቴሌቪዥን ጣቢያ ያልነበራት አገር የምስል መብት ሕግ ነበራት ማለት ነው!

ይህ ሐሳብ የራሱ ዘር ማንዘር አለው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ ማንም ሰው ይዞት የሚዞር ካሜራ ገበያ ላይ አዋለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1890፣ ዋረንና ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕግ ሰዎች በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ስለ ግላዊነት መብት ዝነኛውን ጽሑፋቸውን ጻፉ። ካናደዷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሳይጠይቁ ቀጭ የሚያደርጉት ካሜራ ነበር። እኛ ደግሞ ከኮዳክም በፊት የደረሰብን አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ዋይት ደሴት ላይ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። አባቱን በቅርቡ ቀብሯል፣ እናቱ በመንገድ ሞታበታለች። ፎቶው ዛሬ የጥበብ ሥራ ነው። ልጁን ማን እንደ ጠየቀው አስቡ።

የ1952ቱ ሕግ ግን አንድ ክፍተት ነበረበት። የሚከለክለው ማሳየትን፣ ማባዛትን፣ መሸጥን ነው፤ መቅረጽን አይደለም። ፎቶ አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንቀጽ 27ን አልነካም። ለ1952 ዓ.ም. ይህ በቂ ነበር፤ ማን ነው ፎቶ አንሥቶ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ? የደህንነት ካሜራ ግን ሥራው ይኸው ነው። ሌት ተቀን ይቀርጻል፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። የሱቁ ባለቤት የሌባውን ምስል ለፖሊስ ሲሰጥ አንቀጽ 28 ይፈቅድለታል። «ይህችን ሌባ እዩልኝ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፍ ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን እሱ ነው ሌባ ያላት። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ያልደረሰው አንባቢ አለ? ለሌላ ሰው ያላስተላለፈስ?

ሕጉ በወረቀት ነበረ፤ ካሜራውም ነበረ፤ ሁለቱ ግን ሳይገናኙ ኖሩ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረም የቀረጹት ረሃብ ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጻት ልትሞት ያለች ሕፃን ልጅ ፊት በሐምሌ ወር በላይቭ ኤይድ መድረክ ላይ ታየ። ልጅቷ አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ ትባላለች፤ ከሃያ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆመች። ምስሉ ሰው አድኗል፤ ይህንን የሚክድ የለም። ግን ያቺ ሕፃን የራሷን ፊት ያየችው ዓለም ሁሉ ካየው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?

ይህ ጥያቄ ዱብሉቅን በቀጥታ ይመለከታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረና ከብቱን አጣ። ከብት ለቦረና ምን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል አይበቃም፤ ከብት ያጣ ሰው ስሙንም ያጣ ያህል ነው። ያለቀበት ሕዝብ ወደ ከተሞቹ ወጣ፤ ዱብሉቅም ትልቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነች። ቀጥሎ ካሜራው መጣ። የዜና ድርጅቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ባለ ስልኮች። ወደ ኢንተርኔት ገብታችሁ የዱብሉቅን ስም ብትፈልጉ ዛሬም የሰው ፊት ከነስሙና ከነዕድሜው፣ ከነሞቱበት ከብቶች ቁጥር ታገኛላችሁ። በኤላው ዙሪያ የከብትህን ክሳት ያይ የነበረው አባ ሄሬጋው ነበር፤ አሁን የማያውቅህ የዓለም ሕዝብ ነው። አንቀጽ 28 ድርቅ የሕዝብ ጉዳይ ነውና ይፈቅዳል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛም ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው፤ ያ ድርቅ ባይቀረጽ ኖሮ አዲስ አበባ በስንት ወሩ ይሰማ ነበር ብለን እንጨነቃለን። ቢሆንም ሕግ ፈቀደ ማለት ሰውየውን መጠየቅ ቀረ ማለት አይደለም። በመጠለያ በር ላይ «በካሜራ ቁጥጥር ሥር ነዎት» የሚል ጽሑፍ የሰቀለ ጋዜጠኛ እስካሁን አልሰማንም።

የደህንነት ካሜራው ራሱ ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጀርመን ውስጥ ፔነሙንደ በተባለ ቦታ ተተከለ። የሚጠብቀው ሰውን አልነበረም፤ የቪ-2 ሮኬት ሲተኮስ ከሩቅ ለማየት ነው። ወደ ሰው የዞረው በኋላ ነው። እንግሊዝን በካሜራ ያጥለቀለቃት እ.ኤ.አ. የየካቲት 1993ቱ አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ የሁለት ዓመቱ ጄምስ በልጀር ቡትል ከተማ ካለ የገበያ አዳራሽ በሁለት የአሥር ዓመት ልጆች እጁን ተይዞ ሲወጣ በካሜራ ታየ። ልጁ ተገደለ። ካሜራው አላዳነውም፤ ገዳዮቹን ለማግኘት ግን ረዳ፤ ከዚያ በኋላ «ካሜራ አንፈልግም» የሚል እንግሊዛዊ አፉን ያዘ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የመረጃ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ2000 ደግሞ የካሜራ መመሪያ። ካሜራ ተከል፣ ግን ንገር ተባለ።

ከዚህ ሁሉ እኛን የሚመለከተን የቼኩ የሪኔሽ ክርክር ነው። ሰውየው የቤቱ መስኮት በተደጋጋሚ ቢሰበርበት ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው ግቢውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንና የፊት ለፊቱን ቤት በር ያያል። ሰባሪዎቹ ተያዙ፤ አንደኛው ግን «ሳትነግረኝ ቀርጸኸኛል» ብሎ ከሰሰ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው አላችሁ? እኛም ብለናል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 መንገድ የሚያይ ካሜራ የቤት ጉዳይ አይደለም፣ ሕግ ይመለከተዋል አለ። አሁን የዱብሉቅን ዋና መንገድ አስቡት። ሱቆቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ መንገድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚሄደው ነው። እዚያ ካሜራውን ወደ ውጭ ያዞረ ባለ ሱቅ የሁለት አገር መንገደኛ ይቀርጻል።

የተቀረጸው የት ይሄዳል የሚለውም የዋዛ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት እንኳ፣ ያ ሁሉ ጥበቃ እያለው፣ የደህንነት ካሜራዎቹን ምስል ሰርጎ ገቦች በድብቅ ወደ ውጭ ሲልኩበት እንደነበረ ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዘግቧል። የተጠረጠሩት ቻይናውያን ናቸው ተባለ፤ ቻይና አስተባበለች። የሚጠብቁት ካሜራዎች ራሳቸው ጠባቂ አልነበራቸውም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደነገገ። ዝርዝሩ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጣ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃህን የሚሰበስብ ማንነቱንና ዓላማውን ሊነግርህ ይገባል፤ ስለ አንተ የያዘውን ልትጠይቀው ትችላለህ። ፊትህ መረጃህ ነው። ይህ ወደ ካሜራ ሲመጣ፣ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ መንገሪያ ከማስታወቂያ ሌላ ምን አለ?

ጎረቤታችን ኬንያ ቀድማናለች። ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2019 አወጣች። በመስከረም 2023 ኮሚሽነር ኢማኩሌት ካሳይት ናይሮቢ ያለውን ካሳ ቬራ ላውንጅ የደንበኛን ምስል ያለ ፈቃድ ለጥፏል ብለው 1.85 ሚሊዮን ሺሊንግ፣ ሮማ የተባለውን ትምህርት ቤት ደግሞ የሕፃናትን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ በማውጣቱ 4.55 ሚሊዮን ሺሊንግ ቀጡ። ከዱብሉቅ ተነሥታችሁ ሜጋን አልፋችሁ ሞያሌ ስትደርሱ ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት። የሁለቱ አገር ጉምሩክና ኢሚግሬሽን በጋራ የሚሠሩበት የድንበር ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ አንድ መንገደኛ ኬንያ በኩል ሲቆም የ2019 ሕግ ባለ መብት ነበር፤ ወዲህ ሲሻገር የ1952 ዓ.ም. ሕግ ሰው ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ፊት።

ደግሞ ቋንቋው አለ። ዱብሉቅ ላይ ያየነው ጽሑፍ በአማርኛ ነበር። የከተማዋ ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት በቁቤ ነው፤ ከብት ሊሸጥ የሚመጣው ሽማግሌ ደግሞ ሁለቱንም ላያነብ ይችላል። ያልተነበበ ማስታወቂያ መናገር ነው ወይስ አለመናገር? የካሜራ ሥዕል ይበቃል የሚል ይኖራል። ሥዕሉ ግን ካሜራ መኖሩን እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም።

በማግስቱ ጠዋት ሒሳብ ስንጨርስ ባለቤቱ የእጅ ጽሑፋችን እንደሚያምር ከመዝገቡ አይተው ኖሮ አዲስ ማስታወቂያ እንድንጽፍላቸው ለመኑን። የሞያሌ መኪና እስኪመጣ ጊዜ ነበረንና ካርቶንና ማርከር ይዘን ተቀመጥን። በሁለቱም ቋንቋ ጻፍነው፤ አስተናጋጇ ኦሮምኛውን ነገረችን። «ለእንግዶች ደህንነት ሲባል መግቢያው በካሜራ ይቀረጻል» አልንና ከሥሩ የቤቱን ስም፣ የባለቤቱን ስምና ስልክ ጨመርንበት።

ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። በጣም ወደዱት። ከዚያ ማርከሩን ተቀበሉንና ስማቸውንና ስልካቸውን በጥንቃቄ ሰረዙ።

«ይሄ እንኳ ይቅር» አሉ። «ሌባው ማን እንደሆንኩ ያውቀኛላ!»

ገመዱ ያው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። መኪናው መጣና ወጣን።